አራት አሃዝ በሁለት አገር፦ የካርድና የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥር እንዴት ይውጣ?

ኢትዮጵያና ኬንያ በሚዋሰኑባት ሞያሌ አንድ ነጋዴ በኪሱ ብርና ሽልንግ፣ በስልኩ ደግሞ የሁለት አገር ሲም ካርድ ቢይዝ የሚደነቅ የለም። በኬንያ በኩል ባለችው ማንያታም ሆነ በኢትዮጵያ በኩል ባሉት ሰፈሮች ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ሳይሆን ከስልክ ወደ ስልክም ይተላለፋል። ገንዘቡ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ በሩን የሚጠብቀው ቁልፍ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ባለቤቱ ብቻ ሊያውቀው የሚገባ አጭር ቁጥር።

ይህ ቁጥር በተለምዶ ፒን ይባላል። የባንክ ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ የሚያወጣው፣ ኤም-ፔሳም ሆነ ቴሌብር ገንዘብ የሚልከው ይህ ቁጥር ሲገባ ነው። ማሽኑ የሰውየውን ፊት አይለይም፤ ድምፁንም አያውቅም። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ትዕዛዙ ከባለቤቱ እንደመጣ ይቆጥረዋል።

በዚህም ምክንያት የሚስጥር ቁጥር ከቁልፍነት አልፎ እንደ ፊርማ ይታያል። ገንዘብ ጠፍቶ ለባንክ ወይም ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት አቤቱታ ሲቀርብ፣ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ባለቤቱ ቁጥሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶ እንደሆነ ነው። ሰጥቶ ከተገኘ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድሉ ይጠብባል።

አብዛኛው ሰው ይህን ቁጥር የሚያወጣው በጥድፊያ ነው። በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ፣ ወይም በወኪል ሱቅ ደጃፍ ሰልፍ ላይ ሆኖ፣ ከኋላው ሌላ ደንበኛ እየጠበቀ ያወጣዋል። በዚያች ደቂቃ የሚደረገው ምርጫ ግን ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

ለመሆኑ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? አዲስ ካርድ ወይም አዲስ የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ ሲከፈትስ እንዴት ይወጣል?

ቁጥሩ አራት አሃዝ የሆነው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው የገንዘብ መክፈያ ማሽን ሥራ የጀመረው እአአ ሰኔ 27/1967 በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ በሚገኝ የባርክሌይስ ባንክ ቅርንጫፍ ነበር። የማሽኑ ፈልሳፊ ጆን ሼፐርድ-ባረን ከብዙ ዓመታት በኋላ ለቢቢሲ እንደተናገሩት፣ በመጀመሪያ ያሰቡት ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ነበር፤ የውትድርና መለያ ቁጥራቸውን ስለሚያስታውሱ ስድስት አሃዝ አልከበዳቸውም። ባለቤታቸው ካሮላይን ግን በቃሌ መያዝ የምችለው አራት ብቻ ነው አሏቸው። አራት አሃዝ በዓለም ዙሪያ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ጉድፌሎም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966፣ ካርድንና የሚስጥር ቁጥርን አጣምሮ ለሚሠራ ሥርዓት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ጠይቆ ነበር።

ዛሬ ባንኮች የሚከተሉት ዓለም አቀፍ መስፈርት የሚስጥር ቁጥር ከ4 እስከ 12 አሃዝ እንዲኖረው ይፈቅዳል። የኬንያው ኤም-ፔሳ አራት፣ የኢትዮጵያው ቴሌብር ደግሞ ስድስት አሃዝ ይጠይቃሉ። በአራት አሃዝ 10,000፣ በስድስት አሃዝ ደግሞ አንድ ሚሊዮን የተለያዩ ቁጥሮች ማውጣት ይቻላል።

አስር ሺህ ቁጥር ለኮምፒውተር ጥቂት ነው። አራት አሃዝን አስተማማኝ የሚያደርገው ብዛቱ ሳይሆን የሙከራው ገደብ ነው። ባንኮች ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ከገባ ካርዱን ያግዳሉ። ስለዚህ ቁጥሩ በዘፈቀደ የወጣ ከሆነ፣ ካርዱን የሰረቀ ሰው የመገመት ዕድሉ ከ10,000 ሦስት ብቻ ነው።

አዲስ የባንክ ካርድ ሲወጣ

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የያዘው የዴቢት ካርድ ነው። ይህ ካርድ የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ በባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ነው። በኬንያ ባንኮች ዘንድ የተለመደው የክሬዲት ካርድ ደግሞ ባንኩ እስከ ተወሰነ ጣሪያ የሚያበድረውን ገንዘብ ያንቀሳቅሳል። የሚስጥር ቁጥሩ አወጣጥ ተመሳሳይ ቢሆንም ጉዳቱ ይለያያል። የዴቢት ካርድ ቁጥር በሌላ እጅ ከገባ ያለዎት ገንዘብ ይወሰዳል፤ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ከገባ ግን ያልተበደሩትን ዕዳ ሊሸከሙ ይችላሉ።

ባንኮች የመጀመሪያውን ቁጥር ለደንበኛው የሚያደርሱት በሁለት ዋና መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው የቆየው መንገድ ነው። ባንኩ በኮምፒውተር የወጣ ጊዜያዊ ቁጥር በታሸገ ፖስታ ያዘጋጃል። ካርዱና ፖስታው ለየብቻ እንዲሰጡ የሚደረገው አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዳያገኝ ነው። ፖስታውን ሲቀበሉ እሽጉ ያልተከፈተ መሆኑን ያረጋግጡ። ተቀዶ ወይም እንደገና ተለጥፎ ካገኙት አይቀበሉት፤ አዲስ እንዲወጣልዎ ይጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ ወረቀት አልባ ነው። ባንኩ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ወደ ተመዘገበው ስልክዎ ይልካል። እርስዎ በኤቲኤም ወይም በባንኩ የስልክ መተግበሪያ ያንን ካስገቡ በኋላ የራስዎን ቁጥር ይመርጣሉ። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው ስልክ በእርግጥ የእርስዎ መሆን አለበት። ካርዱን ያስመዘገበልዎ ዘመድ ወይም ደላላ የራሱን ስልክ ጽፎ ከሆነ፣ ማረጋገጫው የሚደርሰው ለእርሱ ነው።

በሁለቱም መንገድ ቀጣዩ እርምጃ ተመሳሳይ ነው። ካርዱን የሰጠዎ ባንክ ወደ ተከለው ኤቲኤም ይሂዱ፣ ካርዱን ያስገቡ፣ የተሰጠዎትን ቁጥር ይጻፉ፣ ቁጥር መቀየሪያውን ይምረጡና አዲሱን ሁለት ጊዜ ያስገቡ። ሁለት ጊዜ የሚጠየቀው በስህተት የተነካ አሃዝ እንዳይመዘገብ ነው። ከዚያም ቀሪ ሂሳብዎን በማየት አዲሱ ቁጥር መሥራቱን ያረጋግጡ። ፖስታውን ቀዳደው ይጣሉት፤ ከካርዱ ጋር በአንድ ቦርሳ አያስቀምጡት።

የክሬዲት ካርድ ለያዙ ሰዎች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የሚስጥር ቁጥሩ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ለማውጣትም ያስችላል፤ ሆኖም ይህ እንደ ብድር ስለሚቆጠር አብዛኞቹ ባንኮች የአገልግሎት ክፍያ ያስከፍሉበታል፤ ወለዱም ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል።

በሞባይል ገንዘብ ሲሆን

ኤም-ፔሳ በኬንያ ሥራ የጀመረው እአአ መጋቢት 2007 ነው። ቴሌብር በኢትዮጵያ የተጀመረው በግንቦት 2021 ሲሆን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ ኤም-ፔሳን ይዞ ነሐሴ 2023 ገበያውን ተቀላቅሏል። እንደ ሞያሌ ባሉ የድንበር ከተሞች ይህ አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር ፈጥሯል። የኬንያው ኤም-ፔሳና የኢትዮጵያው ኤም-ፔሳ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። አንዱ በሽልንግ፣ ሌላው በብር ይሠራል፤ አንዱን የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ፣ ሌላውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል። በአንዱ ያወጡት የሚስጥር ቁጥር በሌላው አይሠራም፤ በአንዱ አቤት ያሉትም በሌላው አይፈታም።

በኬንያ አዲስ ተመዝጋቢ ከወኪሉ ዘንድ በመታወቂያው ከተመዘገበ በኋላ የመጀመሪያ ማስጀመሪያ ቁጥር በአጭር መልዕክት ይደርሰዋል። ያንን በስልኩ የኤም-ፔሳ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ የመታወቂያ ቁጥሩን ጽፎ፣ የራሱን አራት አሃዝ ይመርጣል። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው *334# በመደወል አገልግሎቱን ማግኘት ይችላል። ለቴሌብር ደግሞ መተግበሪያውን ወይም *127# መጠቀም ይቻላል።

እዚህ ላይ ሦስት ቁጥሮችን አለማደባለቅ ያስፈልጋል። የባንክ ካርዱ ቁጥር አንድ ነው፣ የሞባይል ገንዘቡ ሌላ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሲም ካርዱ የራሱ መቆለፊያ ሲሆን፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የሚጠይቀው እርሱ ነው። የሲም ካርዱ ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ስልኩ ፒዩኬ የተባለውን መክፈቻ ይጠይቃል፤ ያም አስር ጊዜ ከተሳሳተ ሲም ካርዱ እስከ ወዲያኛው ይዘጋል። ሦስቱን በአንድ ቁጥር መክፈት ለማስታወስ ቢቀልም፣ አንዱን ያወቀ ሁሉንም እንዲያውቅ ያደርጋል።

የሞባይል ገንዘብ ቁጥር የሚከፍተው ያለውን ገንዘብ ብቻ አለመሆኑም መታወስ አለበት። በኬንያ ፉሊዛ ሂሳቡ ባይበቃም ክፍያው እንዲፈጸም በብድር ይሞላል፤ በኢትዮጵያም ቴሌብር መላ አነስተኛ ብድር ይሰጣል። ስለዚህ ሂሳቡ ባዶ የሆነ ሰውም የሚያጣው ነገር አለ። ቁጥሩን ያወቀ ሌላ ሰው በስሙ ሊበደርበት ይችላል።

የትኛውን ቁጥር መምረጥ ይሻላል?

የመረጃ ተንታኙ ኒክ ቤሪ በ2012 ከድረ ገጾች አፈትልከው የወጡ 3.4 ሚሊዮን ባለ አራት አሃዝ የይለፍ ቁጥሮችን መርምሮ ነበር። ከመቶ 11 የሚጠጉት 1234 ሆነው ተገኙ። 1111 ከመቶ 6፣ 0000 ደግሞ ከመቶ 2 ገደማ ነበሩ። መረጃው የባንክ ካርዶች ባይሆንም የሰውን ልማድ ያሳያል። በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ብቻ የሞከረ ሰው ከመቶ 18 ያህሉን ይከፍት ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ደግሞ በልደት ቀን ላይ ያተኮረ ነበር። ሰዎች የልደት ቀናቸውን በሚስጥር ቁጥርነት ይመርጣሉ፤ ያው ቀን ግን በቦርሳቸው ውስጥ ባለው መታወቂያ ላይ ተጽፏል። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት፣ ብልህ ሌባ ከ11 እስከ 18 በሚሆኑ የተሰረቁ ቦርሳዎች ውስጥ የአንዱን ካርድ ቁጥር በዚህ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው ባንኩ እንደ 1234 ያሉ ደካማ ቁጥሮችን ከመከልከሉና ካለመከልከሉ ነው።

የኢትዮጵያ አቆጣጠርን የሚጠቀም ሰው ከዚህ አመልጣለሁ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሆኖም በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ብቻ ነው። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቁጥሩ 1980፣ 1987 ወይም 1988 ቢሆን፣ መታወቂያውን ያገኘ ሌባ ካርዱ ከመታገዱ በፊት የሚፈቀዱለት ሦስት ሙከራዎች ለሦስቱም ይበቃሉ። ለቴሌብር ስድስት አሃዝ ቀን፣ ወርና ዓመት ደርድሮ መጻፍም ከዚሁ አይለይም።

ከሁሉ የሚሻለው በዕጣ ማውጣት ነው። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን አሃዞች በአስር ቁራጭ ወረቀት ይጻፉ፤ አንድ እያወጡና መልሰው እየቀላቀሉ አራት ጊዜ ያንሱ። የወጣው ቁጥር ከልደትዎም፣ ከስልክ ቁጥርዎም፣ ከመኪናዎ ታርጋም ጋር ዝምድና አይኖረውም።

በዕጣ የወጣውን መያዝ የሚከብደው ሰው ከቋንቋው ሊበደር ይችላል። ለምሳሌ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ተረት ብንወስድ፣ የየቃሉ ፊደላት ብዛት ሁለት፣ አራት፣ አራት፣ ሦስት ይሆናል፤ 2443 ማለት ነው። ይህ ዘዴ በዕጣ እንደወጣ ቁጥር ጠንካራ አይደለም፤ የአማርኛ ቃላት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ፊደል ስለሚሆኑ ምርጫው ይጠባል። ከ1234 እና ከልደት ዓመት ግን በእጅጉ ይሻላል፤ በተለይ ዓረፍተ ነገሩ ሌላ ሰው የማያውቀው የራስዎ ከሆነ። እዚህ የተጻፈውን ምሳሌ ግን አይጠቀሙበት።

"አንተ አስገባልኝ"

እስካሁን ያልነው ሁሉ ባለቤቱ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ እንደሚያስገባ ታሳቢ ያደረገ ነው። በድንበር አካባቢ ግን ይህ ሁልጊዜ አይሆንም።

በሞያሌ ቦረንኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ ስዋሂሊና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። የኬንያው ኤም-ፔሳ የስልክ ዝርዝር የሚቀርበው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ቴሌብር ሥራ ሲጀምር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ቀርቧል። ስለዚህ አንዲት ቦረንኛ ተናጋሪ እናት ከድንበሩ በአንዱ ወገን በቋንቋዋ ልትገለገል ስትችል፣ በሌላው ወገን አስተርጓሚ ያስፈልጋታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ ሁለቱም ወገን አንድ ነው።

ያኔ ስልኩ ለወኪሉ፣ ለጎረቤት ወይም ለልጅ ይሰጣል፤ ቁጥሩም በቃል ይነገራል። ብዙውን ጊዜ ምንም ችግር አይፈጠርም፤ ረዳቱም ታማኝ ነው። ግን ቁጥሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚስጥር ቁጥር መሆኑ ያበቃል። ነገ አለመግባባት ቢፈጠር ገንዘቡን ማን እንዳዘዘ መለየት አይቻልም። ይህ የሚጎዳው ገንዘብ የጠፋበትን ብቻ አይደለም፤ በቅንነት የረዳውንም በሐሰት ሊያስጠረጥረው ይችላል።

ማንበብ አለመቻል ግን የሚስጥር ቁጥር ከማውጣት አያግድም። ፊደል ያልቆጠረ ነጋዴም የገንዘብ ኖቶችን ቁጥር ይለያል፤ የስልክ አሃዞችንም በቦታቸው ያውቃል። ረዳቱ የሚጠበቅበት የዝርዝሩን ቅደም ተከተል ማሳየት ብቻ ነው። "አሁን የገንዘቡ መጠን ነው፤ አሁን የሚስጥር ቁጥርህ ነው" ብሎ፣ ቁጥሩ ሲደርስ ስልኩን ለባለቤቱ መልሶ ፊቱን ማዞር አለበት። ባለቤቱም የቁጥሮቹን ቦታ በጣቱ እስኪለምደው ድረስ በባዶ እጅ ደጋግሞ ቢለማመድ ይጠቅመዋል።

ወኪሎችም ይህን ማድረግ ግዴታቸው ነው። በኤም-ፔሳ ገንዘብ ሲወጣ የወኪሉን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠንና የሚስጥር ቁጥሩን የሚያስገባው ደንበኛው በራሱ ስልክ ነው። የደንበኛውን የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ወኪል ከሥራው ውጭ እየሄደ ነው።

ቁጥሩን የሚጠይቁ ደዋዮች

ሌቦች ቁጥር ከመገመት ይልቅ ባለቤቱ ራሱ እንዲነግራቸው ማድረግ ይቀላቸዋል። የተለመደው ዘዴ ስልክ ደውሎ "ከባንክ ነው፤ ካርድዎ ሊዘጋ ነው" ወይም "ገንዘብ በስህተት ወደ እርስዎ ተልኳል" ማለት ነው። ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥር፣ ወይም በአጭር መልዕክት የደረሰ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

መልሱ አንድ ነው፤ አይንገሩ። ባንክም ሆነ የቴሌኮም ድርጅት የሚስጥር ቁጥርዎን ጠይቆ የሚሠራው ሥራ የለም። የኬንያው ሳፋሪኮም ለደንበኞቹ የሚደውለው ከ0722 000 000 ብቻ መሆኑን ደጋግሞ ያሳስባል፤ ከዚህ ቁጥርም ቢሆን የሚስጥር ቁጥር አይጠየቅም። ስለ ገንዘብ የሚገልጽ መልዕክት ሲደርስዎ ከማመንዎ በፊት ቀሪ ሂሳብዎን ራስዎ ይመልከቱ።

ሁለተኛው ዘዴ የሲም ካርድ መተካት ነው። አጭበርባሪው የባለቤቱን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይዞ በስሙ አዲስ ሲም ካርድ ያስወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማረጋገጫዎች ሁሉ የሚደርሱት ለእርሱ ነው። ስልክዎ ያለ ምክንያት ድንገት ኔትወርክ ካጣና በአካባቢዎ ያሉ ሌሎች ስልኮች እየሠሩ ከሆነ ጊዜ ሳያባክኑ በሌላ ስልክ ለድርጅቱ ያመልክቱ።

ቢረሳ፣ ቢታገድ ወይም ቢሰረቅ

የረሱትን የካርድ ቁጥር ለማስታወስ ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልሆነ ያቁሙ፤ ሦስተኛው ስህተት ካርዱን ሊያሳግድ ይችላል። መታወቂያዎን ይዘው ወደ ባንክዎ ቅርንጫፍ ይሂዱ። ባንኩ የቀድሞውን ቁጥር አይነግርዎትም፤ አዲስ እንዲያወጡ ያደርጋል። ቁጥርዎን አንብቦ የሚነግርዎ የባንክ ሠራተኛ ካለ ጉዳዩን ለኃላፊው ያሳውቁ።

ካርድ ወይም ስልክ ሲሰረቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ማሳገድ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ መሄዱ ይቀጥላል። በኬንያ ለኤም-ፔሳ 234፣ በኢትዮጵያ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 700 መደወል ይቻላል። ሁለት ሲም ካርድ በአንድ ስልክ የሚይዙ የድንበር ነዋሪዎች ስልኩ ሲጠፋ ሁለቱንም ማሳገድ እንዳለባቸው መዘንጋት የለባቸውም። እነዚህን ቁጥሮችና የባንክዎን የስልክ መስመር ቤት ውስጥ በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ፤ በጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆኑ አይጠቅሙም።

አንድ የተሳሳተ እምነትም ሊታረም ይገባል። በዝርፊያ ወቅት ቁጥሩን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ ማስገባት ፖሊስ ይጠራል የሚል ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ በተደጋጋሚ ይሰራጫል። እውነት አይደለም። እንደ 2112 ያለ ቁጥር ተገልብጦም ያው ስለሆነ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊሠራም አይችልም። በዚያ ሰዓት ማሽኑ የሚመዘግበው አንድ የተሳሳተ ሙከራ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ማስገባት ደግሞ ዘራፊውን ሊያስቆጣ ይችላል። በማስፈራራት ለተጠየቀ ገንዘብ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

ቁጥር ለመቀየር አደጋ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ሌላ ሰው አይቶብኛል ብለው ከጠረጠሩ፣ ታመው ወይም ርቀው ሳለ ለሌላ ሰው ነግረው ከነበረ፣ ወይም ቁጥርዎ የልደት ዓመትዎ ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። በስልክም ሆነ በኤቲኤም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሲያስገቡ የቁጥር ሰሌዳውን በሌላኛው እጅዎ ይሸፍኑ፤ ከኋላዎ የቆመው ሰው ዘመድዎ ቢሆንም።